የግድግዳው ወዝ

የፊልም ሰዎች «እትዬ አቧራ» ይሏታል። ስድብ አይደለም። የሥራ መኪናዋን የኋላ በር የከፈተ ሰው ስሙ ከየት እንደመጣ ወዲያው ይገባዋል፤ ቀዩ፣ ግራጫው፣ የስሚንቶው፣ የመጽሐፍ መደርደሪያው፣ ሁሉም ዓይነት አቧራ በወንፊት ተነፍቶ በየጠርሙሱ ታሽጓል። አንድ ጊዜ የትራፊክ ፖሊስ አስቁሟት «ይሄ ምንድን ነው?» ቢላት «አቧራ» አለችው። «አቧራ እንደሆነ መንገዱ ሙሉ አለልሽ፣ ምን አሸከመሽ?» «የመንገዱ ለመንገድ ነው የሚሆነው። ይሄ የቁም ሳጥን አናት አቧራ ነው።» ፖሊሱ ትንሽ አያትና፣ ከእንዲህ ዓይነት ሰው ጋር ቆሞ መዋል እንደማያዋጣ ገብቶት በእጁ እለፊ አላት።

ሥራዋ ወረቀት ላይ ፕሮዳክሽን ዲዛይነር ይባላል። ይህን ለዘመድ ማስረዳት ራሱን የቻለ ሥራ ነው። «ቤት እሠራለሁ» ትላለች። «ኮንትራክተር ነሽ?» «አይ፣ ሰው የማይኖርበት ቤት ነው የምሠራው።» «ታዲያ ማን ይገዛሻል?» እዚህ ላይ ትተዋለች። ነገሩ ግን እንዲህ ነው፤ ተዋናዩ በር ከፍቶ ሲገባ የምናየው ሁሉ፣ በሩ ራሱ፣ ግድግዳው፣ መጋረጃው፣ ጠረጴዛ ላይ የተረሳው ብርጭቆ፣ እሷ አስባ ያስቀመጠችው ነው። ተመልካች ልብ ካላለው ሥራው ሰምሯል ማለት ነው። ልፋቱ እንዳይታይ በሚለፋበት ሙያ ዕድሜውን የሚጨርስ ሰው ወይ ቅዱስ ነው ወይ ግትር። እትዬ አቧራ ቅድስት አይደለችም።

የጀመረችው ቴአትር ቤት ውስጥ የመድረክ ሸራ በመቀባት ነበር። ሸራ ላይ የተሣለ መስኮት፣ ሸራ ላይ የተሣለ ሰማይ። ከሩቅ ለሚያይ ይበቃል። ካሜራ ግን እንደ ነገረኛ ጎረቤት ነው፤ ጓዳ ድረስ ይገባል። የመጀመሪያ ፊልሟ ላይ የአንዲት ድሃ መበለት ቤት እንድታሰናዳ ታዘዘች። ርካሽ ርካሽ ዕቃ ገዛች፣ ግድግዳውን ቡናማ ቀባች፣ መጋረጃውን በምላጭ ሸረከተች። ካሜራ ማኑ በሌንሱ አየና «እህቴ፣ ይሄ እኮ የድሃ ቤት አይደለም፤ የድሃ ዕቃ የሚሸጥበት ሱቅ ነው» አላት። በጣም ተናደደች። ሰውየው ልክ ስለነበረ ነው የተናደደችው።

ያን ሰሞን ሰው ቤት በገባች ቁጥር ሰውን ትታ ግድግዳ ታይ ጀመር። የመብራት ማብሪያው ዙሪያ ይጠቁራል። በር የሚያድፈው እጀታው ላይ ሳይሆን ከእጀታው በላይ ነው፤ ሰው በአንድ እጁ እጀታውን ይዞ በሌላው ይገፋልና። የጠረጴዛ ጠርዝ አባወራው በሚቀመጥበት በኩል ቀለሙ ይለቃል። አልጋ የአንድ ሰው ከሆነ አንድ ቦታ ይጎደጉዳል፣ የባልና ሚስት ከሆነ ሁለት ቦታ፤ ተኳርፈው የከረሙ ከሆነ መሐሉ ኮረብታ ይሆናል። ይህን ሁሉ በአንድ ቃል ጠራችው፤ ወዝ። ሰው ሲነካው፣ ሲደገፈው፣ ሲለፋበት የኖረው ነገር የሚይዘው ቅባት። «ይሄ ክፍል ወዝ የለውም» ካለች ዳይሬክተሩም ፕሮዲውሰሩም ቀኑ እንደተበላሸ ያውቁታል።

ወዝ ደግሞ በብሩሽ አይመጣም። ስለዚህ በየሰፈሩ እየዞረች አዲስ ትራስ ሰጥታ አሮጌ ትራስ፣ አዲስ ወንበር ሰጥታ ዕድሜ ልክ የተቀመጡበትን ወንበር መለወጥ ያዘች። መጀመሪያ ሰው ፈራት። «ደህና ሰው አዲስ ሰጥቶ አሮጌ አይወስድም፤ የሆነ ነገር ብታስብ ነው» ብለው በር የዘጉባት ነበሩ። አንዲት እናት ግን የባላቸውን አሮጌ ወንበር አስረክበው አዲሱን ሲቀበሉ «ልጄ፣ ከፈለግሽ ሰውየውንም ጨምሪና ውሰጂልኝ» አሏት። ሰውየው ወንበሩ አጠገብ ቆመው ይሰሙ ነበር።

በዚህ አላበቃችም። ቤቱ ተሠርቶ ካለቀ በኋላ፣ ቀረጻ ከመጀመሩ በፊት፣ ሰው እንዲኖርበት ታደርጋለች። አናጢዎቹ ምሳቸውን እዚያው ይበላሉ፣ ሹፌሩ ሶፋው ላይ ያሸልባል፣ ፀጉር ሠሪዋ ልጇን ይዛ መጥታ ወለሉ ላይ ታስድኸዋለች። እሷ በልጅነቷ አስም ያሠቃያት ስለነበር አፏን በጨርቅ አስራ ጥግ ጥጉን አቧራ ትበትናለች። አንድ ፕሮዲውሰር ትዕግሥቱ አልቆ «እትዬ፣ ቤቱ እስኪያረጅ እኛ አረጀን እኮ!» ብሎ ጮኾባታል። ጆሮ ዳባ ልበስ አለች። ዝናዋም የወጣው በዚህ ግትርነቷ ነው፤ እየቆየ «ያለ እሷ ፊልም አልሠራም» የሚል ዳይሬክተር በዛ።

ከእነዚህ አንዱ፣ ሲቆጣ እንኳ ይቅርታ የሚጠይቅ ለስላሳ ሰው፣ አንድ ቀን አንድ የፊልም ጽሑፍ አመጣላት። በአንዲት የኪራይ ክፍል ውስጥ ሁለት ሴት ልጆች ስለምታሳድግ እናት ነው። እትዬ አቧራ አነበበችና አንድም ነገር ሳትጠይቅ ይዛው ሄደች። ለወትሮው መቶ ጥያቄ ነው የምትጠይቀው። በሳምንቱ የክፍሉን ሥዕል ይዛ መጣች፤ ከደፉ እስከ መስኮቱ ሁሉም ነገር ቦታ ቦታውን ይዟል። ዳይሬክተሩ «ከየት አመጣሽው?» ቢላት «ነበረኝ» አለችው።

ያደገችበት ክፍል ነበር። እናቷ ሆስፒታል ውስጥ የማታ ፈረቃ ጽዳት ሠራተኛ ነበረች። አባት የሚባለውን ገና በጠዋቱ ውሃ በልቶታል። የቀሩት እናትና ሁለት ሴት ልጆች ናቸው፤ ታላቅየዋ እታለም፣ ታናሽየዋ እሷ። ያኔ አቧራ የሚላት የለም፤ ሚጢ ነበረች። ግድግዳው እስከ ትከሻ ድረስ ሰማያዊ የዘይት ቀለም፣ ከዚያ በላይ ነጭ። አንድ አልጋ። አንዱ መስታወት የተሰበረና በካርቶን የተደፈነ መስኮት። በሩ እንዳይከፈት ወረቀት ታጥፎ የተሸጎጠበት ቁም ሳጥን። የታላቅየዋ የትምህርት ቤት ቀሚስ ሲጠብባት ተተርትሮ የሆነ መጋረጃ። እትዬ አቧራ ይህን ሁሉ መጋዘን ውስጥ ገተረችው።

ከአልጋው በላይ ሰማያዊው ቀለም ላይ ደግሞ የሳህን ያህል ክብ ጥቁረት ነበረ። ሰው ራሱን ሲደገፍበት የኖረ ግድግዳ የሚያወጣው ነው። እናቷ እዚያ ጋ ተቀምጣ ራሷን ግድግዳው ላይ ጥላ ዓይኗን ስትጨፍን እትዬ አቧራ ደህና አድርጋ ታስታውሳለች። ይህን ለማንም አልሰጠችም፤ ራሷ ሠራችው። የምግብ ዘይት፣ ትንሽ ጥላሸት፣ የሳሙና እጣቢ፣ ከዚያ የራሷን ጭንቅላት። ሌላው ሰው ምስማር ሲመታ እሷ አልጋው ላይ ወደ ታች ሸርተት ብላ፣ ራሷን በምታስታውሰው ከፍታ ልክ አድርሳ፣ ግድግዳ ስትደገፍ ትውላለች። አናጢዎቹ «ዘንድሮስ የሚከፈልበት እንቅልፍ መጣ» እያሉ ሳቁባት። ሲያልቅ ግን ማንም አልሳቀም። ከአምስት ዓመት በፊት የሞተች እናቷ ክፍሉ ውስጥ ያለች ያህል ተሰማት፤ ጥግ ይዛ አለቀሰች።

አንድ ችግር ነበረ። እናት ሆና የምትጫወተዋ ተዋናይ መለሎ ናት፤ አልጋው ላይ ስትቀመጥ ጥቁረቱ ትከሻዋ ላይ ይመጣል።

«ትንሽ ከፍ ብናደርገውስ?» አለ ዳይሬክተሩ፣ ይቅርታ በሚጠይቅ ድምፅ።

«ምልክቱ ልክ ነው።»

«እሷ ግን...»

«እሷ ናት የረዘመችው።»

ዳይሬክተሩ «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» ብሎ አጉረመረመና ለአናጢው ምልክት ሰጠው። የአልጋው እግር በመጋዝ ተቆረጠ። ተዋናይቷ ዝቅ አለች፣ ጎበጥ አለች፣ ራሷ ቦታው ላይ ደረሰ። ፊልሙን ያየ ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለዚያች ሴት አቀማመጥ ነው፤ እንዴት ድካሙ አጎበጣት ይላል። መጋዙ ነው ያጎበጣት።

ፊልሙ ተሸለመ። የዳይሬክተሩ ስም ተጠራ፣ የተዋናይቷ ተጠራ፣ በመጨረሻ የእሷም ተጠራ። እትዬ አቧራ መድረክ ላይ ወጥታ አታውቅም፤ ከመድረክ ጀርባ ነው ያረጀችው። ማይክ ሲሰጧት ያላሰበችው ወጣ። «ይሄን ክፍል እኔ አልፈጠርኩትም» አለች። «የእናቴ ክፍል ነው። ግድግዳው ላይ ያለው ወዝ የእናቴ ነው። እኛን ለማሳደግ ስትለፋ ውላ ስታድር ራሷን ያሳረፈችበት ነው። ሽልማቱም የሷ ነው።» አዳራሹ ተነሥቶ አጨበጨበ። ደስ አላት፤ ለእናቷ አንድ ነገር ያደረገችላት መሰላት።

በዚያው ሰዓት እታለም ቤቷ ቴሌቪዥን ፊት ነበረች። እታለም ፖስታ ቤት መስኮት ላይ ነው የምትሠራው፤ እንኳን ወሬ ማኅተም የማታባክን ሴት ናት። ያን ቀን ግን ጎረቤቶቿን ጠርታ፣ ወንበር ደርድራ፣ «እህቴን እዩልኝ» ብላ ነበር። ንግግሩ ሲያልቅ ጎረቤቶቹ አጨበጨቡ። እታለም ተነሥታ ቴሌቪዥኑን አጠፋችና ብርጭቆ መሰብሰብ ጀመረች።

በማግሥቱ እትዬ አቧራ ደወለች። እንኳን ደስ ያለሽ ስትጠብቅ፣ ከወዲያ በኩል ቀስ ያለ ድምፅ መጣ። «የሰው ገበና ይዘሽ ወጣሽ።» ስልኩ ተዘጋ።

ገበና ይሸፈናል እንጂ አይታይም፤ ይህን ሁላችንም ከእናታችን ጉያ ሳንወርድ የተማርነው ነው። ድህነትም፣ በሽታም፣ የባልና ሚስት ጠብም በር ተዘግቶ ነው። እትዬ አቧራ ይህን አታጣውም። ያልገባት «የሰው» የሚለው ቃል ነው። የገዛ እናቴ መቼ ነው «ሰው» የሆነችብኝ? ብላ ተናደደች። ደግማ ደወለች፣ አልተነሣም። በበዓል ደወለች፣ አልተነሣም። መጀመሪያ ንዴት ነበር፣ ከዚያ ኩርፊያ፣ በኋላ ግን ፍርሃት ሆነ። እናት ከሞተች ወዲህ ይህች እህቷ ብቻ ናት የቀረቻት፤ ባልም ልጅም ሳትል ዕድሜዋን በሐሰት ቤቶች ጨርሳለች። እውነተኛ ቤት ብላ የምትሄድበት ደጅ ያ አንድ ደጅ ነበር። እሱ ከተዘጋ የትም የላት።

መላ ስታጣ የእህቷን ባል ፍለጋ ሄደች። ጋሼ የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነው። ቤት መሄድ ስለማትችል አውቶቡሱን ጠብቃ ተሳፈረችና «ሹፌሩን ማነጋገር ክልክል ነው» ከሚለው ጽሑፍ ሥር ቆመች።

«ጋሼ፣ ምን ላድርግ?»

«ማንበብ አትችይም እንዴ አርቲስቷ?» አለ ጽሑፉን በአገጩ እያሳየ። ከዚያ ቀይ መብራት ያዘውና ለሰለሰ። «እኔም ጠይቄያት በዓይኗ ገርፋኛለች። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም፤ እኔን አትቁጠሪኝ። ግን ነገሩ ገበና ነው። ይሄውልሽ፣ ገና ለጋብቻ ሳልጠይቃት፣ ጓደኞቼን ይዤ እናንተ ቤት የመጣን ጊዜ እህትሽ ምን ስታደርግ ነበር? የእናትሽን ካፖርት ግድግዳው ላይ እየሰቀለች። ምስማር መትታ! በዚያ ሙቀት ካፖርት! ያን እድፍ መሸፈኗ ነው። እሷ ስትሸፍነው የኖረችውን አንቺ መብራት አበራሽበት።»

ካፖርቱን እሷም ታስታውሳለች። ኋላ የቆመ አንድ ተሳፋሪ «ሹፌር፣ አረንጓዴ ሆኗል፤ የቤተሰብ ጉዳይ ሌላ ጊዜ!» ብሎ ጮኸ። እሷ ቀጥሎ ካለው ፌርማታ ወረደች፤ ልቧ ግን አርፎ ነበር። በሽታው ከታወቀ መድኃኒት አይጠፋም። ገበናው ወጥቶ ከሆነ መልሶ መሸፈን ነው።

ያላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል ይባላል። የሬዲዮ ጋዜጠኛ ስለ ፊልሙ ሊያነጋግራት በመጣ ጊዜ ስለዚያ ክፍል እስኪጠይቃት ጠበቀች። ሲጠይቃትም «መድረክ ላይ የእናቴ ክፍል ነው ያልኩት ስሜት አሸንፎኝ ነው» አለች። «ክፍሉ ፈጠራ ነው። ግድግዳው ላይ ያለው እድፍም በዘይትና በጥላሸት የተሠራ ነው። የማንም አይደለም።» ውሸት ስለማትችል ፊቷ ቀላ፤ ሬዲዮ ፊት አያሳይምና ተረፈች። ወጥታ መኪናዋ ውስጥ ተቀመጠችና ስልኳን ጭኗ ላይ አድርጋ ጠበቀች። ፕሮግራሙ በተላለፈ ቀን ስልኩ ጠራ።

«የማንም አይደለም አልሽ?» አለች እታለም።

«እታለም! ለአንቺ ብዬ እኮ...»

«ነይ።»

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሄደች። እታለም ጓሮ ነበረች፤ የታጠበ አንሶላ ከገመድ ላይ እያወረደች። ሰላምታ አልነበረም። እታለም አንሶላውን ዘረጋችና ሁለቱን ጫፍ ሰጠቻት፤ «ያዢ» አለቻት። አንሶላ ለብቻ አይታጠፍም፣ ባልየው ደግሞ ሲያጥፍ እንደ ጋዜጣ ነው የሚያደርገው። ሁለቱ ሴቶች ጎተቱ፣ አራገፉ፣ ተጠጉ። እጅና እጃቸው ተነካካ። እንደገና ራቁ።

«ገበናችንን አወጣሁ ብዬ ነው» አለች እትዬ አቧራ። «እናታችን ላይ ሰው አፉን እንዳይከፍት ብዬ። ለዚህ ነው የማንም አይደለም ያልኩት።»

«የማን ነው?»

«ምኑ?»

«እድፉ። የማን ነው?»

«የእማዬ ነዋ።»

«እማዬ ሌሊት የት ነበረች?»

«ሥራ።»

«ጠዋት ስትገባስ እኛ የት ነን?»

«ትምህርት ቤት።»

«ታዲያ መቼ ነው ተደግፋ የምትውለው?»

«እሁድ እሁድ ትቀመጥ ነበር። በዓይኔ አይቻታለሁ...» እትዬ አቧራ ቃሉን አልጨረሰችውም። ሌላው ሰው ባይገባው እሷ እንዴት ይጠፋታል? እሁድ እሁድ ብቻ የተደገፉት ግድግዳ እንዲያ አይወዛም። ለዚያ ዓይነት ጥቁረት አንድ ራስ አንድ ቦታ ላይ በየቀኑ፣ ለሰዓታት፣ ለዓመታት መዋል ወይም ማደር አለበት። ይህን ለስንት ረዳት አስተምራለች። ደግሞ ከፍታው! እናቷ አጭር ሴት አልነበረችም። ያ ሁሉ ጭቅጭቅ፣ ያ የተቆረጠ አልጋ። ምልክቱ ልክ ነበር፣ ሴትየዋ ናት ልክ ያልነበረችው። አንዲት ልጅ አልጋ ላይ ቁጭ ስትል ራሷ የሚደርስበት ቦታ ላይ ነበር የሠራችው።

«ጋደም ስትይ ያፍንሽ ነበር» አለች እታለም፣ አንሶላውን እያየች። «ደረትሽ እንደ ፉጨት ያለ ድምፅ ያሰማል። ሐኪሙ ቀና አድርጋችሁ አስተኟት አለ። በምን ቀና እናድርግሽ? ትራሱ አንድ ነው፣ ትንሸራተቻለሽ። እማዬ የለችም። እኔ ግድግዳውን እደገፋለሁ፣ አንቺ እኔን ትደገፊያለሽ። ሲነጋ ቀስ ብዬ አጋድምሽና ሻይ ልጥድ እነሣለሁ። ከዚያ ትምህርት ቤት ዴስክ ላይ እደፋለሁ። አስተማሪው እንቅልፋሟ ብሎ ስም አወጣልኝ። ስንመለስ አንቺ ከኋላዬ እየዘለልሽ 'እንቅልፋሟ፣ እንቅልፋሟ' እያልሽ ትዘፍኚብኝ ነበር፣ ሚጢ።»

ዘፈኑ ትዝ አላት። ዜማው ሳይቀር። ጠዋት ስትነቃ ሁልጊዜ ተጋድማ፣ ተሸፍና፣ እህቷ ምድጃው አጠገብ ጀርባዋን ሰጥታ ቆማ እንደምታገኛትም ትዝ አላት። የሰው ወንበር አይታ ሰውየው በየትኛው እግሩ እንደሚያነክስ የምትናገር ሴት፣ በገዛ ልጅነቷ እንዴት ትተኛ እንደነበር አንድም ቀን ጠይቃ አታውቅም። ኀፍረቱ ፊቷን አቃጠለው።

«ካፖርቱስ?» አለች፣ ሌላ የሚባል ቢጠፋት።

«አፍሬ ነዋ። ልጅ ነበርኩ፣ ሊያዩኝ የመጡት ወንዶች ናቸው፣ የራሴ ቅባት ግድግዳ ላይ! ማን ነው ያንን የማይሸፍን?» እታለም ትንሽ ፈገግ አለች፤ ወዲያው ደግሞ ጠፋ። «ይዤው ልሞት ነበር። እውነቴን ነው፤ ማንም እንዲያውቅልኝ አልፈልግም ነበር። ፊልሙን ሳይ፣ መጋረጃውን ሳይ፣ ያ ግድግዳ ሲመጣ ግን አየሽ... ልቤ ተነሣ። 'ለካ ታውቃለች' አልኩ። እስከ ዛሬ ዝም ብላ ታውቅ ነበር ብዬ ደስ አለኝ። ያንን ሁሉ ሰው የጠራሁት እኮ ስሜን ትጠሪያለሽ ብዬ ነው። ከዚያ ለሌላ ሰው ሰጠሽው።»

«ለእማዬ እኮ ነው የሰጠሁት።»

«ለእማዬም ቢሆን!» አለች እታለም፣ እንደ ልጅ። በዚያ ዕድሜዋ፣ ሽበቷ ወጥቶ፣ አንሶላ ይዛ፣ እንደ ልጅ አለቀሰች። «እማዬ የራሷ አላት። ስንት አላት። ያ አንዱ የኔ ነበር። እሱን ስቀበል ደግሞ በሬዲዮ የማንም አይደለም አልሽኝ።»

እትዬ አቧራም አለቀሰች። ይቅርታ አለች፣ ደግማ አለች፤ ቃሉ ትንሽ ሆኖባት ሦስተኛ አለችው። አንሶላው መሐላቸው መሬት ሊነካ ሲል ሁለቱም አብረው ሳብ አደረጉት፤ ታጥቦ የደረቀ ነገር ማቆሸሽ ለቅሶም ቢሆን አይፈቅድም።

ጋሼ በጓሮው በር አንገቱን ብቅ አደረገ። «ታርቃችኋል ወይስ አምቡላንስ ልጥራ?»

«ሳህን አውጣ» አለችው እታለም አፍንጫዋን እየጠረገች። «ሦስት።»

«ሦስት ካልሽማ ታርቃችኋል!» አለ ጋሼ፤ ወደ ውስጥ ሲገባ ሳህን ሲያንኳኳ ተሰማ።

አንድ አንሶላ ቀርቶ ነበር። ዘረጉት፣ አራገፉት፣ ለሁለት አጠፉት። እትዬ አቧራ በጫፉ ፊቷን ጠረገች፤ እህቷ አየቻትና አልተቆጣቻትም። ጫፍና ጫፍ ሊገጥሙ ሲጠጉ እትዬ አቧራ የእህቷን እጅ ከነአንሶላው ያዘችው።

«እታለም፣ ይሄን ሁሉ ዘመን ለምን አልነገርሽኝም?»

እታለም ጫፉን ከእጇ ተቀብላ የመጨረሻውን እጥፋት በመዳፏ አስተካከለች።

«ብነግርሽ ትተኚ ነበር?»